ታላቁ እስክንድር ሊሞት ሲል ምን ያስብ ነበር? የባቢሎን የመጨረሻ ቀናት የጉዳይ ጥናት

በቴሌግራምና በፌስቡክ ጊዜ እየጠበቀ የሚመለስ አንድ ጽሑፍ አለ። ታላቁ እስክንድር ታሞ ተኝቷል። የጦር አዛዦቹን ይሰበስብና ሦስት ነገር ይናዘዛል። አስከሬኔን ሐኪሞቼ ይሸከሙት። እስከ መቃብሬ ድረስ ወርቄን መንገድ ላይ በትኑት። ሁለቱን እጆቼን ከሣጥኑ ውጭ ተዉአቸው፤ ባዶ እጁን መጥቶ ባዶ እጁን ሄደ ይበሉኝ።

ጥሩ ስብከት ነው። ታሪክ ግን አይደለም። የእስክንድርን አሟሟት በሰፊው የጻፉልን የጥንት ጸሐፊዎች አርያን፣ ፕሉታርክ፣ ዲዮዶሮስና ኩርቲየስ ናቸው። ከአራቱ አንዳቸውም ይህን ኑዛዜ አያውቁትም።

ለምን እንደሚጥመን ይገባኛል። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ብሎ ሞተ?» ነው። የተናዘዘ፣ ልጆቹን የመረቀ፣ ዕዳውን የተናገረ ሰው በወግ በማዕረግ ሞተ ይባላል። እንግዲህ ይህን ሁሉ አገር የያዘ ንጉሥማ አንድ የረባ ነገር ሳይናገር እንዴት ይሞታል? ካልተናገረ እኛ እንናገርለታለን። የግእዝ ጸሐፊዎችም ይህን አድርገዋል። በዜና እስክንድር ውስጥ ንጉሡ በሥላሴ የሚያምን ክርስቲያን ሆኖ ይቀርባል። ሰውየው የሞተው ክርስቶስ ከመወለዱ ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። አባቶቻችን ከመቃብር አውጥተው አጠመቁት ማለት ነው።

እኔ ከሌላ በኩል ልጀምር። እስክንድር በእነዚያ ቀናት የት እንደተኛ፣ ማንን እንዳነጋገረ፣ ምን እንዳዘዘ የሚናገር መዝገብ አለ። በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ሐሳብ መገመት ካማረን ከውሎው እንነሳ። ከውሎው ስነሳ የማገኘው ሰው ደግሞ የሚጸጸት ፈላስፋ አይደለም። ሥራ የበዛበት ሰው ነው።

ወደ ባቢሎን የገባው ሰው

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 323 ነው፤ ጸደይ። እስክንድር 33 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ከመቄዶንያ ከወጣ 11 ዓመት ሆኖታል፤ አልተመለሰም። ትንሿ እስያን፣ ፊንቄን፣ ግብፅን፣ ፋርስንና መካከለኛው እስያን ይዟል። ህንድ ላይ በ326 ወታደሮቹ ሂፋሲስ ከሚባል ወንዝ ዳር ቆመው «ከዚህ ወዲያ አንሄድም» አሉት። ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተዘግቶ አኮረፈ። ሠራዊቱ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ተመለሰ። ሲመለስ አንድ ምሽግ ላይ ቀድሞ ዘሎ ገብቶ ደረቱን በቀስት ተወጋ፤ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያም የጌድሮሲያ በረሃ ሠራዊቱን ፈጀው።

እነዚህን ሁሉ ችሏቸዋል። ያልቻለው በ324 መጸው ኤክባታና ላይ የደረሰበትን ነው። ኤክባታና የዛሬዋ የኢራን ከተማ ሃማዳን ናት። የልጅነት ጓደኛው ሄፋስቲዮን በትኩሳት ተያዘ። ፕሉታርክ እንደሚያወራው ሐኪሙ ቴአትር ሊያይ ዞር ሲል ሕመምተኛው የተቀቀለ ዶሮውን በላ፣ ወይን ጠጁን ከነማቀዝቀዣው ጨለጠ። ወዲያው ባሰበት። ሞተ። እስክንድር የፈረሱንም የበቅሎውንም ጋማ አስላጨ። ሙዚቃ ከለከለ። ሐኪሙን ሰቀለው። ለአስከሬን ማቃጠያው ግንብ ብቻ 10,000 ታላንት (መክሊት) መደበ። ግብፅ በረሃ ውስጥ ወዳለው የአሞን ቤተ መቅደስ ልኮም «ሄፋስቲዮንን እንደ አምላክ ማክበር ይቻላል ወይ?» ብሎ አስጠየቀ። መልሱ የመጣው ባቢሎን ከገባ በኋላ ነው፦ እንደ አምላክ አይሆንም፣ እንደ ጀግና ግን ይቻላል። በዚህም ደስ አለው።

ባቢሎን የናቡከደነፆር ከተማ ናት፤ ነቢዩ ዳንኤል ተማርኮ የኖረባት። ፍርስራሿ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ሂላ አጠገብ ይገኛል። የከተማዋ ካህናት «አትግባ፣ ምልክቱ ጥሩ አይደለም» ብለው ለምነውት ነበር። ገባ። ወዲያውም ሥራ ጀመረ። ኤፍራጥስ ዳር 1,000 የጦር መርከብ የሚይዝ ወደብ አስቆፈረ። ከፊንቄ መርከቦችን አስፈታትቶ በየብስ አስጭኖ ወንዙ ጋ አስገጠማቸው። ዓረቢያን ሊዞር ነው። መንገዱን አይተው እንዲመጡ ሦስት መርከበኞች በተለያየ ጊዜ ላከ። አንዱ ሂሮን ይባላል። የታዘዘው ዓረቢያን ዙሮ በቀይ ባሕር በኩል ግብፅ እንዲወጣ ነበር። መንገድ ላይ ልቡ ከዳውና ተመለሰ። «አገሩ ከህንድ ብዙም አያንስም» አለ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ትኩሳቱ

መዝገቡ የንጉሡ የቀን ውሎ ማስታወሻ የሚባለው ነው። ዋናው ጠፍቷል። አርያንና ፕሉታርክ ከ400 ዓመት በኋላ ቀንጨብ ቀንጨብ አድርገው አቆዩልን። አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ያጠራጥረናል ይላሉ። ለምሳሌ አዛዦቹ ባቢሎን ውስጥ ሴራፒስ ወደሚባል አምላክ ቤተ መቅደስ ሄዱ ይላል። የሴራፒስ አምልኮ የገነነው ግን ከእስክንድር በኋላ፣ በበጥሊሞስ ዘመን፣ ግብፅ ውስጥ ነው። የሆነ እጅ እንደነካው ግልጽ ነው። ተመርዞ ሞተ የሚለውን ሐሜት ለመሸፈን ሆነ ብለው ያዘጋጁት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን ቢያንስ አጽሙን እቀበለዋለሁ። ገላ መታጠብ፣ መሥዋዕት፣ ትኩሳት፣ ትእዛዝ፤ ገላ መታጠብ፣ መሥዋዕት፣ ትኩሳት፣ ትእዛዝ። አፈ ታሪክ የሚፈጥር ሰው እንዲህ አያሰለችም።

ነገሩ የጀመረው በግብዣ ነው። እስክንድር የባሕር ኃይል አዛዡን ኒያርኮስን ጋብዞ አመሸ። ታጥቦ ሊተኛ ሲል የላሪሳው ሰው ሜድዮስ «ና፣ እኔ ቤት ጨዋታ አለ» አለው። ሄደ። ሌሊቱን ጠጡ። በማግስቱም ጠጡ። ከዚያ ትኩሳት ጀመረው። በመቄዶንያ አቆጣጠር ዴስዮስ የሚባለው ወር 18ኛ ቀን ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተኛ፤ በእኛ ሰኔ መግቢያ ገደማ መሆኑ ነው። የኢራቅን ሰኔ የሚያውቅ ይፈርደዋል፤ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው።

በ19ኛው ቀን ከሜድዮስ ጋር ዳይስ ሲጫወት ዋለ። በ20ኛው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ጋደም ብሎ ኒያርኮስ ስለ ባሕር ጉዞው ሲያወራለት አዳመጠ። በየቀኑ በአልጋ ተሸክመውት ወጥቶ መሥዋዕቱን ያቀርባል፤ ልማዱ ነው። ማታ ማታ ትኩሳቱ ይነሳል። አንድ ቀን በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ የንጉሡ አትክልት ቦታ ገባ፤ ምናልባት እዚያ ይሻላል ብለው ይሆናል።

በዚህ መካከል ትእዛዝ አላቋረጠም። አርያን እንደሚጽፈው በእግር የሚሄዱት በአራተኛው ቀን እንዲነሱ፣ ከእርሱ ጋር በመርከብ የሚሄዱት በአምስተኛው እንዲዘጋጁ አዘዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ኒያርኮስን ጠርቶ እንደገና ስለ መነሻው ቀን አዘዘው፤ ቀኑ ተገፍቷል። በማግስቱ ትኩሳቱ ጨርሶ አልለቅ ብሎታል፤ አሁንም «ለጉዞው ሁሉ ነገር ይሰናዳ» ነው። በማግስቱም። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ግሉኮስ ክንዱ ላይ ተሰክቶ፣ ስልኩን ትከሻው ላይ አጣብቆ «ዕቃው ተጫነ ወይ?» የሚል ነጋዴ አይታችሁ ከሆነ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሊሞት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እንዲህ አይሆንም። ሊዘገይ ነው ብሎ የተናደደ ሰው ነው።

ክፍት የቀሩ የአዛዥነት ቦታዎችም ነበሩ። ፕሉታርክ በ22ኛው ቀን ስለ እነርሱ ከሹማምንቱ ጋር እንደተነጋገረ፣ የተፈተኑ ሰዎች እንዲሾሙበት እንደፈለገ ይጽፋል። ትኩሳቱ የዚያን ቀን ክፉኛ ከርሮ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በእጃችን ባለው የመዝገቡ ቅንጭብ ውስጥ ሐኪም አይጠቀስም። ካህን አለ፣ መርከበኛ አለ፣ የዳይስ ጓደኛ አለ። ሐኪም የለም። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ333 ጠርሴስ ላይ ታሞ ነበር። ያን ጊዜ ፊልጶስ የሚባል ሐኪም መድኃኒት ሲያቀርብለት «ሐኪምህ ሊመርዝህ ነው» የሚል ደብዳቤ እስክንድር በእጁ ይዟል። ደብዳቤውን ለሐኪሙ ሰጠው፤ ሐኪሙ ሲያነብ እርሱ መድኃኒቱን ጠጣ። በ23 ዓመቱ ሐኪም ያመነው ልጅ በ32 ዓመቱ ሐኪም ሰቅሏል። ከዚያ ወዲያ የትኛው ሐኪም ደፍሮ «ጌታዬ፣ ይብቃዎት፣ ይተኙ» ይለዋል?

እስቲ እንገምት፣ አንደኛ

ይህን ከያዝን በ20ኛው ቀን፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ምን ነበር? ኒያርኮስ ያወራው ታሪክ በከፊል ስለደረሰን እገምታለሁ። ኒያርኮስ ከህንድ እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ በመርከብ የመጣ ነው። መንገድ ላይ ዓሣ ነባሪዎች አጋጠሟቸው። ውኃው እንደ ፏፏቴ ወደ ሰማይ ሲወረወር ቀዛፊዎቹ ደንግጠው መቅዘፊያቸውን ጣሉ። ኒያርኮስ መርከቦቹን ለጦርነት እንደሚሰለፉ አሰለፋቸውና መለከት እያስነፋ፣ እያስጮኸ በቀጥታ ነዳባቸው። አውሬዎቹ ጠለቁ። መርከበኞቹ አጨበጨቡለት። እስክንድር ያን ጊዜ በረሃ ውስጥ ነበር። በኋላ ሲገናኙ ኒያርኮስ ጨው ከቆዳው ላይ ደርቆ፣ ጠጉሩ ተንጨባሮ፣ ማንነቱ ጠፍቶ ነበር። እስክንድር መርከቦቹ ሁሉ የጠፉ መስሎት አለቀሰ። ደኅና መሆናቸውን ሲሰማ ይበልጥ አለቀሰ።

ስለዚህ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ዓሣ ነባሪው ጋ ደረሰ። አሁን መለከቱን ይነፋል። ይህን ቦታ ሲያወራ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔ ብሆን ኖሮ ከፊት እሆን ነበር። እኔ አሸዋ ስበላ እሱ ይህን አየ። አይሆንም፣ አሁን በባሕር ነው የምሄደው። አምስት ቀን። ማታ ወንዙ ላይ ነፋስ አለ፣ ይሄ ራስ ምታት እዚያ ይለቀኛል። ሂሮን ፈሪ ነው። ከህንድ አያንስም አለ። ፈርቶ ተመለሰና ስፋቱን ነገረኝ። ትልቅ ከሆነማ ጭራሽ መሄድ ነው እንጂ። ውኃ አምጡ። ሄፋስቲዮን ቢኖር ሂሮንን ገና ከበሩ ላይ ነበር የሚስቅበት። ውኃው ይኸ ነው? ሞቋል። እሺ ኒያርኮስ፣ ከዚያስ?»

ሞት የለበትም። ሆነ ብዬ ነው። አንድም የዚያን ቀን ትእዛዝ ሞትን አያውቅም።

ትእዛዙ የተለወጠበት ቀን

መዝገቡን በጥሞና ላነበበ ሰው የሚደነግጥበት መስመር አለ። በ24ኛው ቀን መሥዋዕቱን በግድ ተሸክመውት አቀረበ። ከዚያም ጄኔራሎቹ አዳራሹ ውስጥ እንዲቆዩ፣ የበታች አዛዦቹ ደግሞ ከበሩ ውጭ እንዲያድሩ አዘዘ።

ይህ የመርከብ ትእዛዝ አይደለም። ከሕመሙ መጀመሪያ አንስቶ ስለ ጉዞው ያልሆነ፣ ስለ ሌላ ነገር የሆነ የመጀመሪያ ወታደራዊ ትእዛዝ ይህ ነው። ሁሉንም አጠገቡ ፈለጋቸው። አምኖአቸው ይሁን ጠርጥሮአቸው ልብ የሚያውቀው ነው፤ ለእኔ ግን እንደሚሞት የገባው እዚህ ላይ ነው። ገና የሚናገርበት አንደበት አለው። ወራሼ እገሌ ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም። ሚስቱ ሮክሳና ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጁ ገና አልተወለደም። ወንድሙ አርሂዳዮስ አለ፤ ለንግሥና አይበቃም ይባል ነበር። ስም መጥራት ማለት በዚያች ሰዓት ሥራ መልቀቅ ማለት ነው። እስክንድር በሕይወቱ የለቀቀው ነገር የለም፤ ሂፋሲስን እንኳ የለቀቀው ተገዶ ነው።

ወደ ቤተ መንግሥቱ መልሰው ወሰዱት። አዛዦቹ ሲገቡ አወቃቸው። መናገር ግን አልቻለም። አንደበቱ ተዘግቷል።

ውጭ ያሉት ወታደሮች ሞቷል፣ እየደበቁን ነው ብለው ተጠራጠሩ። በሩን አስጨንቀው አስከፈቱ። ካባቸውንና መሣሪያቸውን ጥለው በቀሚስ ብቻ፣ አንድ በአንድ እየሆኑ በአልጋው ፊት አለፉ። አርያን እንደሚለው ድምፅ አልነበረውም፤ ጭንቅላቱን በጭንቅ እያነሳ በዓይኑ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ሰጠ።

እነማን ናቸው እነዚህ? ከዓመት ገደማ በፊት ኦፒስ በምትባል የጤግሮስ ዳር ከተማ የተነሱበት ናቸው። ሽማግሌዎቹን ወደ አገራቸው እሰዳለሁ ሲል «እንግዲያው ሁላችንንም ስደደንና ከአባትህ ጋር ዝመት!» ብለው ቀለዱበት። አባትህ ያሉት አሞንን ነው፤ የአምላክ ልጅ ነኝ ማለቱን እየተሳለቁ። ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ 13 ሰው አስገደለ። ከዚያ ተዘጋባቸው። በሦስተኛው ቀን መሣሪያቸውን ደጁ ላይ ጥለው አለቀሱ። ታረቁ። ዕርቁ ላይ 9,000 ሰው ተጋብዞ ነበር ይባላል። እንዲህ ነው ነገራቸው፤ ተኳርፈው የማይለያዩ።

እስቲ እንገምት፣ ሁለተኛ

«ይሄ ጋውጋሜላ ላይ ነበር። ይሄ ደግሞ ኦፒስ ላይ ከጮኹት ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ከኋላ ቆሞ ነበር የጮኸው። ያለቅሳል እንዴ? ቀጥሎ። ይሄን አላውቀውም። አዲስ ነው፣ ልጅ ነው። ጭንቅላቴን ላንሳለት። ከበደ። ዓይኔን ሰጠሁት። ቀጥሎ። ስሙ መጣልኝ፣ አባቱንም አውቃለሁ፣ ግን አይወጣም። ስንት ቀራቸው? ሰልፉ በሩ ላይ አይቆረጥም። ጦራቸው የት አለ? ማን ነው አስቀምጡ ያላቸው? ቀጥሎ። ይሄኛው ቀና ብሎ አላየኝም። እየኝ እንጂ። ቀጥሎ።»

ለምን ጸጸት አላስገባሁም? የሚጠይቀኝ አይጠፋም። የግሪክ ከተማ ቴብስን በ335 አፍርሶ 30,000 ሰው ለባርነት ሸጧል። ጢሮስን ሰባት ወር ከቦ ሲይዛት ያለቀው አልቆ የቀረውን ሸጧል። ሊሞት ሲል እነዚህ አይመጡበትም ወይ? ልብ ወለድ ብጽፍ ኖሮ አመጣቸው ነበር፣ ያምራልና። መረጃው ግን እንዲህ ነው፦ ይህ ሰው በግልጽ ሲጸጸት የምናየው በአመዛኙ በሚያውቀው ሰው ላይ ነው። በ328 ማራካንዳ ላይ፣ የዛሬዋ ሳማርካንድ ማለት ነው፣ በስካር ጠብ ክሊቶስን በጦር ወጋው። ክሊቶስ በግራኒኮስ ጦርነት ላይ ሕይወቱን ያዳነለት አዛዥ ነው። እስክንድር ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ለቴብስም በኋላ ትንሽ ልቡ ራርቶ እንደነበር ፕሉታርክ ይጽፋል። ለጢሮስ ግን ሦስት ቀን አልጾመም። ስለዚህ ሙት መንፈስ ካስገባሁ ክሊቶስን ነው የማስገባው፤ እርሱም በሰልፉ ውስጥ፣ እንደ ማንም ወታደር፣ «ቀጥሎ» ተብሎ የሚያልፍ።

ይሰማ ነበር ወይ?

የሕመሙ ዓይነት እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። መርዝ ነው የሚለው ወሬ የቆየ ነው፤ በመቄዶንያ እንደራሴው የነበረው አንቲጳጥሮስና ልጆቹ ተሐምተውበታል። አርያንም ፕሉታርክም አላመኑትም። ቀስ በቀስ የሚከር የቀናት ትኩሳትም ከመርዝ ጋር አይሄድም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ የሐኪሞች ጽሑፍ ታይፎይድ ነው አለ። በ2003 ሌሎች የዌስት ናይል ቫይረስ አሉ። ወባ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ባቢሎን ዙሪያዋ ረግረግ ነውና።

በ2018 ከኒውዚላንድ የመጣው ግን እንቅልፍ ይነሳል። የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆኑ ሐኪም ጊያን ባሬ ሲንድረም ነው አሉ። ይህ ሕመም አካልን ከእግር ጀምሮ ሽባ እያደረገ ወደ ላይ ይወጣል። አእምሮ ግን ንጹሕ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። መነሻቸው የጥንት ጸሐፊዎቹ የሚሉት ነው፦ አስከሬኑ በዚያ ሙቀት ለቀናት አልበሰበሰም። ምናልባት ገና አልሞተም ነበር ይላሉ። ትክክል ከሆኑ በአልጋው ዙሪያ የሚባባለውን ሁሉ ሰምቷል። ማን ማንን እንደሚፈራ። ማን ቶሎ ከክፍሉ እንደወጣ።

እስከዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። አዛዦቹን አውቋቸዋል፣ ወታደሮቹን በዓይኑ ሰላም ብሏል። እስከ 26ኛው ቀን አእምሮው አልሄደም ማለት ነው። ይህ ለሁለተኛው ግምቴ ይበቃኛል።

ታዲያ «ለማን ትተዋለህ?» ሲሉት «ለብርቱው» አለ የሚባለው ታዋቂ ቃልስ? አርያን ራሱ «እንዲህ ብለው የጻፉም አሉ» ብሎ ነው የሚያቀርበው። መዝገቡ ደግሞ አንደበቱ ከተዘጋ ቀናት ሆኖታል ይላል። ቃሉ ለቀጣዮቹ 40 ዓመታት የተዋጉትን ጄኔራሎች ሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ያሸነፈ ሁሉ «እኔን ነው ያለው» ይላል። አላምነውም። የማኅተም ቀለበቱን ለጄኔራሉ ለጴርዲቃስ ሰጠ የሚለውን ግን፣ ዲዮዶሮስና ኩርቲየስ የጻፉትን፣ ለማመን አልቸገርም። ቀለበት ለማውለቅ አንደበት አያስፈልግም።

በዚያው ወር አንድ ባቢሎናዊ ጸሐፊ እንደወትሮው ሰማይ ይመለከት ነበር። እነዚህ ሰዎች የጨረቃን ቦታ፣ የእህል ዋጋና የወንዙን ከፍታ በሸክላ ላይ የሚመዘግቡ ናቸው። በ29ኛው ቀን ላይ ንጉሡ እንደሞተ ጻፈ፤ ቀጥሎ ስለ ደመናው ጻፈ። ሸክላው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ቀኑ በፈረንጅ ሰኔ 11 ላይ ይውላል።

ጠረጴዛው ላይ የቀረው

ሐሳቡን ለሚፈልግ ከማንኛውም የተባለ ቃል የሚሻል አንድ ሰነድ አለ። ዲዮዶሮስ እንደሚነግረን ከሞተ በኋላ ጴርዲቃስ የንጉሡን ዕቅዶች የያዘ ማስታወሻ አገኘ። ካርታጎንና እስከ ጂብራልታር ያለውን የባሕር ዳር ሕዝብ ለመውጋት 1,000 ትልልቅ የጦር መርከቦች ይሠሩ ይላል። በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ እስከዚያው ድረስ መንገድ ይዘርጋ። ስድስት ቤተ መቅደሶች ይታነጹ፣ እያንዳንዳቸው በ1,500 ታላንት። ከእስያ ወደ አውሮፓ፣ ከአውሮፓ ወደ እስያ ሕዝብ ይዘዋወር። አንዳንድ ምሁራን ዝርዝሩ ተጋንኗል ይላሉ። ዓረቢያን ሳይነካ ቀጥሎ ያለውን የሚያስብ ሰው ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተኝቶ ካየነው ሰው ጋር አንድ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ የመጨረሻው አካባቢ ያለው ነው። ለአባቱ ለፊልጶስ ከግብፅ ትልቁ ፒራሚድ ጋር የሚወዳደር መቃብር ይሠራ ይላል። ፊልጶስ ከተገደለ 13 ዓመት ሆኖታል። ልጁ በአደባባይ የአሞን ልጅ ነኝ ሲል ኖሯል። ክሊቶስ የሞተበት ጠብ ውስጥም የፊልጶስ ስም ነበረበት፤ አባትህን አቃለልክ ብሎት ነው። ኦፒስ ላይ የቀለዱበትም በዚሁ ነው። ከእነዚያ ሁሉ በኋላ ግን ወረቀቱ ላይ አባቱ የሚባለው ፊልጶስ ነው። ለሦስተኛ ግምት የሚሆን ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልግ፣ ከዓረቢያ በፊት ይጀመር ወይስ በኋላ።

ጴርዲቃስ ዝርዝሩን በራሱ ሥልጣን መሰረዝ አልፈለገም። ወታደሮቹን ሰበሰበና አነበበላቸው። ለእስክንድር ክብር አላቸው፣ ዕቅዱ ግን ከልክ ያለፈና የማይሠራ ነው አሉ። ከእነዚህ አንዱንም ላለመፈጸም ወሰኑ። መርከቡም መንገዱም ተሰረዘ፤ የፊልጶስም መቃብር አብሮ ተሰረዘ።